ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ውሃ ያሰጋል?

ጥያቄ፦ ከሰንዳፋ አለፍ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ለመስኖ የተሠራ የአፈር ግድብ አለ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከግርጌው ውሃ ይወጣል። ሽማግሌዎቹ «ድሮም ነበር» ይሉናል፤ ቤታችን ግን ከሥሩ ስለሆነ ሰግተናል።

መልስ፦ ጨርሶ ውሃ የማያሳልፍ የአፈር ግድብ የለም። መታየት ያለበት የሚወጣው ውሃ መልክና መጠኑ ነው። በብርጭቆ ቅዱና አሳርፉት። አፈር ከዘቀጠ፣ ውሃው የግድቡን ሆድ እየቦረቦረ ነው። ጥርት ካለ ደግሞ በቦይ ሰብስባችሁ የ20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክ ያዙ፤ 40 ሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። በየሳምንቱ ለኩና ግድቡ ከያዘው ውሃ ከፍታ ጋር ጻፉት። ከፍታው ሳይለወጥ ፍሳሹ ከጨመረ ለወረዳው የመስኖ ባለሙያ አሳዩ።

ድፍርስ ውሃ ግን ፋታ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ አይዳሆ የቲተን ግድብ ጠዋት ድፍርስ ውሃ ሲያፈስ ታየ፤ ቀትር ሳይሆን ተደረመሰ፤ 11 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ድፍርስ ካያችሁ በቅድሚያ ከሥር ያሉትን ቤተሰቦች ወደ ከፍታ አውጡ፤ ለወረዳው የሚደውል ሰውም ወዲያው ይመደብ። ቀዳዳውን በጭቃ ወይም በላስቲክ መድፈን ትልቅ ስህተት ነው፤ ውሃው ሌላ መውጫ ይከፍታል። ሰው ሳይጋለጥ መድረስ ከተቻለ መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ይከመርበት። ውሃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል።

ቀዳዳው ከየት ይመጣል? በእናንተ አካባቢ መረሬ አፈር ይበዛል። በበጋ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ውሃው ከፍ ሲል እዚያ ይገባል። ስንጥቁን ከላይ አፈር ማልበስ አይበቃም፤ ተቆፍሮ እርጥበት ባለው አፈር በስስ በስሱ መጠቅጠቅ አለበት። ጃርት የቆፈረውም እንዲሁ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ግድብ ላይ አይተከል፤ ሲቆረጥ ሥሩ ይበሰብስና ለውሃ ቧንቧ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የትርፍ ውሃ ማስወገጃው አፍ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ብንደረድር ለበጋ ብዙ ውሃ አይተርፈንም?

መልስ፦ በፍጹም አታድርጉት። ማስወገጃው ከግድቡ አናት ዝቅ ተደርጎ የተሠራው ድንገተኛ ጎርፍ በዚያ እንዲያልፍ ነው። ከዘጋችሁት ውሃው በአናቱ ይሻገራል፤ የአፈር ግድብ ደግሞ ይህን አይችልም፣ ከጀርባው እየታጠበ በሰዓታት ውስጥ ሊናድ ይችላል። ተደርድሮ ከሆነ ዛሬውኑ ይነሳ፤ በጎርፍ የመጣ ግንድና ቁጥቋጦም አብሮ ይጠረግ።