«የጥንቃቄ ጉድለት» ብለሽ ፎርሙን ከመዝጋትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ሥር አብዛኛው ሰው «ስልጠና ስጪያቸው» ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል፤ እኔ ትንሽ ላስረዝመው ነው፣ ታገሡኝ። ላልተከታተላችሁ፦ እህታችን ገላን አካባቢ ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ በቅርቡ ሴፍቲ (የሥራ ደኅንነት ኃላፊ) ሆና ተመድባለች። በተቀራረበ ጊዜ ሁለት ሠራተኞች እጃቸውን ተጎድተዋል፤ አንደኛው ክራሸር (ፕላስቲክ የሚፈጭ ማሽን) ላይ፣ ሌላዋ የፊልም ማሽን (ስስ ፕላስቲክ የሚያወጣ) ሮለር ላይ። የሁለቱም ሪፖርት «ምክንያት፦ የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተዘግቷል። አሁን ሥራ አስኪያጁ ሪስክ አሰስመንት (በየሥራው ያለውን አደጋ ለይቶ የሚመዝን ሰነድ) ሠርተሽ አምጪ ብሏታል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ፎርም ይበቃል ወይ፣ የአደጋ መንስኤስ በምን ይታወቃል ነው ጥያቄዋ።

እኔ በአቃቂና ቃሊቲ በኩል ባሉ ፋብሪካዎች መጀመሪያ በጥገና ክፍል፣ ኋላም በሴፍቲ ነው የሠራሁት። ከዚያው ካየሁት ልንገርሽ።

ፎርሙ አያሳስብሽ፤ የትኛውም ይሆናል። ችግሩ ቢሮ ቁጭ ብሎ መሙላቱ ላይ ነው። አንድ ቦታ በደንብ ተጠርዞ የተቀመጠ ሰነድ ሳገላብጥ «በረዶ በጋገረበት መተላለፊያ ላይ መንሸራተት» የሚል ስጋት ከነነጥቡ ተሞልቶ አገኘሁ። ቃሊቲ ላይ! ከውጭ የመጣውን ፎርም ማንም ሳያነበው ነው የፈረመበት። በዚያው ሰነድ ውስጥ ግን ስለ መብራት መቆራረጥ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ውረጂ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሆነሽ በጠዋት አትዙሪ፤ ያኔ የምታዪው ለእንግዳ የተዘጋጀውን ፋብሪካ ነው። በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ሂጂ፣ አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ከሌሊቱ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ተገኚ። ማሽን ሲሠራ ከማየት ማሽን ሲቆም ማየት ይሻላል፦ ሲነክስ (ዕቃ ተቀርቅሮበት ሲቆም)፣ ሲጸዳ፣ ቢላ ሲቀየር፣ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫው) ሲወርድ። እጅ ወደ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው፤ ፎርሞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ መደበኛው ሥራ ነው። ኦፕሬተሩን «እዚህ ምን አደጋ አለ?» ብለሽ ብትጠይቂው «ምንም የለም» ይልሻል። «አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ምንድን ነው የምትነግረው?» በይው። «ይሄኛው ጠፍቶም ይዞራል፣ ቶሎ እንዳትከፍት»፣ «ያኛው ሰው ይነዝራል፣ በእንጨት ነው የምንነካው» እያለ ያወርድልሻል። ከዚያ በኋላ የሚቀርሽ መጻፍ ብቻ ነው።

ሰዎች ለጥቂት የተረፉባቸውን አደጋዎችም በዚሁ መንገድ ታገኛለሽ። ማንም በቅጽ ሞልቶ አያመጣልሽም፤ ሻይ ላይ ሲሳሳቁ ግን «ትናንት እኮ እግዜር ነው ያወጣው» ሲባል ትሰሚያለሽ። ስም ሳትጠሪ ማሽኑንና ሰዓቱን ብቻ በማስታወሻሽ ያዢ። ያወራልሽ ልጅ በማግስቱ ደመወዙ ከተቀጣ ግን ጨዋታው አበቃ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አፉን አይከፍትልሽም።

አሁን ወደ መብራቱ። በእኛ አካባቢ ከሁሉ ቀድሜ የማየው እሱን ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ መሃል ላይ እንደያዘ ይቆማል። ጨለማ ነው፣ ጀነሬተሩ ገና አልተነሳም፣ ሠራተኛው ደግሞ «ይሄኔ ላጽዳው» ብሎ የነከሰውን ለማውጣት እጁን ይሰዳል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ምን ያደርጋል? መልሱ ያለው ኮንትሮል ሳጥኑ ውስጥ ነው። ማሽኑ በኮንታክተር (ኃይል ሲያገኝ ብቻ ይዞ የሚቆይ የኤሌክትሪክ ማገናኛ) እና በአረንጓዴና ቀይ በተን የሚነሳ ከሆነ፣ መብራት ሲሄድ ኮንታክተሩ ይለቅቃል፤ ኃይሉ ቢመለስም ሰው አረንጓዴውን እስኪጫን አይነሳም። በሚጠመዘዝ ማብሪያ ወይም በቀጥታ በብሬከር የሚሠራ ከሆነ ግን መብራቱ እንደመጣ ራሱ ይነሳል። ከውጭ ሲመጣ ትክክለኛ በተን የነበረው ማሽን፣ በተኑ ሲበላሽ «ለጊዜው» ተብሎ በተራ ማብሪያ ተቀይሮ በዚያው ቀርቶ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መፈተኑ ቀላል ነው፦ ማሽኑ ባዶ፣ ሰው በአጠገቡ የሌለ ሆኖ፣ እየዞረ ሳለ ኤሌክትሪሽያኑ ከዋናው ብሬከር ያጥፋውና መልሶ ያብራው። ራሱ ከተነሳ ያ ማሽን በዚያው ቀን ይቁም። ቀዩ የድንገተኛ ማቆሚያም እንዲሁ ነው፤ ተጭኖ ሲለቀቅ ማሽኑ ዝም ማለት አለበት፣ መነሳት የለበትም።

ስለ ክራሸሩ አደጋ የጻፍሽውን ሳነብ የጠረጠርኩት አንድ ነገር አለ። ክራሸር ከጠፋ በኋላ ሮተሩ (ቢላዎቹን ይዞ የሚዞረው ክፍል) ከባድ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል። ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑን የሚያጠፋ ትንሽ ስዊች አለው፤ ሂጂና ስዊቹን እዪው። በሽቦ ታስሮ ወይም በፕላስተር ተጠቅልሎ ካገኘሽው ፎቶ አንሺ፣ ቶሎ ግን ሰው አትክሰሺ። «ለምን ታሰረ?» በይ። መልሱ ለምሳሌ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦ ሁልጊዜ እየነከሰ፣ በተከፈተ ቁጥር እያቆመ ሥራ ስለሚያጓትት። ለምን ይነክሳል? ቢላው ስለደነዘ። ለምን አልተሳለም? መለዋወጫ ቢላ ስለሌለ፣ ለመሳል ሲወርድ ደግሞ ማሽኑ ሙሉ ቀን ስለሚቆም። ለምን መለዋወጫ የለም? ግዢ ጥያቄው ተጽፏል፣ አልጸደቀም። በሌላ በኩል ደግሞ የሚገባው ዕቃ ሳይለይ፣ ገመዱ ሳይፈታ፣ እንደረጠበ ነው፤ አሮጌ ፕላስቲክ ሰብስበው ለሚያመጡት ለቃሚዎች የሚከፈላቸው በኪሎ ነዋ። በዚያ ላይ የፈረቃው ኮታ አለ። ይሄ «ለምን» እያሉ መቆፈር ከቶዮታ የመጣ ዘዴ ነው፤ አምስት ጊዜ ይባላል እንጂ ቁጥሩ ላይ አትጨናነቂ። መንገዱም አንድ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ቅድም እንዳየሽው ሁለትና ሦስት ቦታ ይከፈላል። እጁን የሰደደው ልጅ በዚህ ሁሉ ውስጥ የመጨረሻው ሰው ነው። እሱን አባርረሽ ሌላ ብትቀጥሪ፣ ያኛውም በዚያው ቢላና በዚያው ኮታ ላይ ነው የሚቆመው።

ስልጠና ላይ «ከአደጋ 88 ከመቶው የሠራተኛ ስህተት ነው» የሚል ስላይድ አይተሽ ይሆናል። ቁጥሩ የመጣው በ1931 እ.ኤ.አ. ኸርበርት ሃይንሪክ የተባለ የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያ ባለሙያ ካሳተመው ሥራ ነው። 75,000 የሚሆኑ መዝገቦች ናቸው የታዩት፤ የኢንሹራንስ ካሳ ፋይሎችና የፋብሪካ ባለቤቶች የያዟቸው መዝገቦች። ታዲያ እዚያ ላይ ምክንያቱን የሞላው ማን ይመስልሻል? ጣቱን ያጣው ሰው አይደለም። ያንቺ ሁለት ሪፖርቶችም ቢቆጠሩ መቶ ከመቶ «የሠራተኛ ስህተት» ነው የሚወጣቸው።

ወደፊት አደጋ ከደረሰ (አያድርገውና) የተጎዳውን ካነሣችሁና ማሽኑን ካቆማችሁ በኋላ ቦታውን አታስጠርጊ። እኛ ጋ ደም ስናይ ቶሎ ውኃ ማፍሰስ ይቀናናል። ጋርዱ (የማሽኑ መከለያ) ገብቶ ነበር ወይስ ወልቆ፣ ማብሪያው የት ላይ ቆሞ ነበር፣ መብራቱ ይበራ ነበር ወይ፣ ወለሉ ዘይት ነበረው ወይ፣ ሁሉንም ፎቶ አንሺ። ምስክሮችን በዚያው ቀን፣ ለየብቻ፣ ፎርማኑ በሌለበት አነጋግሪ። «ለምን እንዲህ አደረግክ?» ካልሽ መከላከያ ነው የምትሰሚው፤ «ሥራው ሲጀመር ምን ይደረጋል፣ ከዚያስ?» በይና ዝም በይ። የተጎዳችውንም ልጅ ቤቷ ሄደሽ ጠይቂ፤ አንደኛ ደግ ነው፣ ሁለተኛ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሮለሩ ነገር አጭር ነው። ሁለት ሮለር ወደ ውስጥ በሚዞርበት መገናኛ ላይ ጣት ከገባ ሰው ከሚሸሽበት ፍጥነት በላይ ይጎትታል፤ ጥንቃቄ የሚባለው ነገር እዚያ አይደርስም። ፊልሙ የሚገባው በእጅ ከሆነ በዝግታ የሚያዞር፣ ጣት ሲነሣ የሚቆም በተንና መገናኛውን የሚሸፍን ጋርድ ያስፈልገዋል። ጓንት መፍትሔ ነው የሚልሽ ካለ አትስሚው። በሚዞር ነገር አጠገብ ጓንቱ ራሱ ነው የሚያዘው፤ የተቀደደ የጓንት ጣት፣ የሻርፕ ጫፍ፣ የጋዋን እጅጌ ሁሉም ያው ነው።

ነጥብ አሰጣጡ ላይም እዚሁ ነው የሚጭበረበረው። በ5 በ5 ሠንጠረዥ (አደጋው የመድረስ ዕድሉና የጉዳቱ ክብደት ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጡበት) የክራሸሩን ጉዳት 5 ይሰጡታል፤ ቀጥሎ «ጓንት ታድሏል» ይጻፍና ጉዳቱ ወደ 2 ይወርዳል፣ ቀዩ ሣጥን አረንጓዴ ይሆናል። ጓንት የለበሰ እጅ ክራሸር ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን ለሥራ አስኪያጁ ማስረዳት ያለብሽ አይመስለኝም። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ከተቻለ አደጋውን ከነጭራሹ ማስቀረት፣ አለበለዚያ አደጋው ባነሰ ነገር መተካት፣ ከዚያ በጋርድና በስዊች መከለል፣ ከዚያ ደንብና ስልጠና፣ ጓንትና መነጽር መጨረሻ። ለጽዳትና ለጥገና ደግሞ ብሬከሩ በጓጉንቸር ይቆለፍ፣ ቁልፉ በሚሠራው ሰው ኪስ ይሁን፤ ሁለት ሰው ከሠራ ሁለት ጓጉንቸር። «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ካርቶን መስቀል ብቻውን አይበቃም፣ በሌሊት ፈረቃ ማን ያነበዋል?

ሳልረሳው፣ የኋላውን በር እዪው። ዕቃ ይሰረቃል ተብሎ በሰንሰለት የታሰረ መውጫ ያለው ፋብሪካ በዚህ መስመር ብዙ ነው፤ የናንተ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ እሳትና ጭስ አይታገሥም። ኒውዮርክ ላይ በ1911 እ.ኤ.አ. ትራያንግል በተባለው የልብስ ፋብሪካ 146 ሰው ሲሞት ከመውጫዎቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር። ሌባውን በጥበቃ ወይም ሲከፈት በሚጮህ ደወል ያዙት። ፒቪሲ የምትሠሩ ከሆነም ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል አንቆ የሚያስል ጋዝ ያወጣልና የአየር ማስወጫውን ጨምሪበት። ለድምፅ ደግሞ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው ለመደማመጥ መጮህ ካለበት ከ85 ዴሲቤል ማለፉን ጠርጥሪና አስለኪ።

ስለ ሕጉ፦ አለቆች «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን የሚወዱት ከካሳ የሚያወጣቸው ስለሚመስላቸው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ነፃ የሚያወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሲሆን ነው፤ አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ይቆጠራሉ። መቸኮል ወይም መዘናጋት እዚያ ውስጥ አልተጻፈም። በድርጅቱ ሰርቪስ ሲመጡ ሲሄዱ የሚደርሰውም የሥራ አደጋ ነው። አደጋን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ይሄን በለሰለሰ ቋንቋ ንገሪው፣ ማስፈራሪያ እንዳይመስል።

የሮለሩን ሪፖርት እንደገና ብትጽፊው ለምሳሌ እንዲህ አድርጊው፦ «የሮለሩ ጋርድ ፊልም ለማስገባት ጊዜ ይወስዳል ተብሎ ወልቋል። ማሽኑ በዝግታ የሚዞርበት በተን አይሠራም፤ ለጥገና ተነግሮ አልተስተካከለም። በፈረቃው አንድ ኦፕሬተር ጎድሎ ተጎጂዋ ሁለት ማሽን ይዛ ነበር።» እውነት የሆነውን ብቻ፣ ያየሽውንና የሰማሽውን ለይተሽ። ከየአንዳንዱ ጎን ማን እንደሚያስተካክለውና እስከ መቼ እንደሆነ አስፍሪ። «ሠራተኞች እንዲጠነቀቁ ማሳሰብ» የሚል መፍትሔ ከመጣብሽ ሰርዢው።

ነገ ግን ከሁሉ በፊት የመብራቱን ሙከራ አስደርጊ። የክራሸሩን ኮንትሮል ሳጥን ፎቶ እዚህ ከለጠፍሽው ኮንታክተር ይኑረው አይኑረው አይቼ እነግርሻለሁ። ሳጥኑን ኤሌክትሪሽያኑ ይክፈተው፣ አንቺ እንዳትከፍቺው።