ገጣሚ ልሁን ወይስ ጠበቃ?

«በሜሪላንድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ነጂ። ክፍል ውስጥ የማርቲን ኤስፓዳን ግጥሞች ካነበብን ወዲህ ሌላ ነገር አልታየኝ አለ። እንደሱ የፖለቲካ ገጣሚ መሆን ነው የምፈልገው። አባቴ ደግሞ ‹ሕግ ተማሪ፣ ግጥም እራት አይሆንም› ይለኛል። ማንን ልስማ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም ስሚ። አባትሽና ኤስፓዳ ያን ያህል የተጣሉ ሰዎች አይደሉም። ኤስፓዳ ራሱ ጠበቃ ነበር።

ግጥሞቹን አንብበሻል፤ የሥራ ታሪኩን ግን ያስተማረሽ ያለ አይመስለኝም። ሰውየው በ1957 ብሩክሊን ውስጥ ከፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ፍራንክ ኤስፓዳ የሰፈሩን ሰው ለመብቱ የሚያደራጅ፣ ካሜራም ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ልጁ መጀመሪያ የተማረው ታሪክ ነው፣ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ። በ1982 የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ ከአባቱ ፎቶዎች ጋር ወጣ። ያ መጽሐፍ ግን እንጀራ አልሆነውም። ቦስተን ሄዶ ሕግ ተማረ፣ በ1985 ጨረሰ፤ ከዚያም ቦስተን አጠገብ ባለችው ቼልሲ፣ «ሱ ክሊኒካ ሌጋል» በሚባል ቢሮ ስፓኒሽ ተናጋሪ ለሆኑ ድሃ ተከራዮች ጥብቅና ቆመ። አከራዩ ማሞቂያ ያልጠገነላቸው፣ ከቤት ውጡ የተባሉ ሰዎች ናቸው ደንበኞቹ። በ1993 ያሳተመውን መጽሐፍ ርዕስ እዪው፤ «የሳልና የሞቱ ራዲያተሮች ከተማ» እንደማለት ነው፤ ራዲያተር ያው የቤት ማሞቂያው ነው። ይህን ርዕስ ካፌ ተቀምጦ የሚያመጣው ሰው የለም።

ከሁሉም ግን አንድ አጭር ግጥሙን፣ «Who Burns for the Perfection of Paper» የሚለውን፣ ደግመሽ አንብቢልኝ። በ16 ዓመቱ ከትምህርት መልስ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ጠበቆች የሚጽፉበትን ያን ቢጫ ደብተር ነው የሚሠሩት። ከሰው ቁመት በላይ የተከመረ ወረቀት፣ በየመሃሉ ካርቶን ማስገባት፣ ከዚያ ቀይ ሙጫ ከላይ እስከ ታች መቀባት። ጓንት የለም፣ ወረቀቱ በጣት ጫፍ መስተካከል አለበት። ማታ ሲደክመው ወረቀቱ ጣቱን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ አይታይም፣ ሙጫው ሲገባበት ነው የሚለበልበው። ከ10 ዓመት በኋላ ሕግ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ያንኑ ደብተር ሲያይ የሚታየው የሠራተኛው እጅ ነው። በግጥሙ ውስጥ አንድም መፈክር የለም። ፖለቲካው ግን ገና ከሙጫው ይጀምራል። የላክሽልኝ ሦስት ግጥሞች ውስጥ «ፍትሕ» የሚለው ቃል ሰባቴ አለ፤ የአንድም ሰው እጅ ግን አልታየኝም። ይህን የምልሽ ስለምትችዪ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት ማስተማር የጀመረው በ1993 ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከወጣ 11 ዓመት ቆይቶ። የሩት ሊሊ የግጥም ሽልማትን፣ 100,000 ዶላር የሚሰጠውን፣ ያገኘው በ2018 ነው። ትልቁ የአሜሪካ የመጽሐፍ ሽልማት ናሽናል ቡክ አዋርድ ደግሞ በ2021 መጣ፣ «ፍሎተርስ» ለሚለው መጽሐፍ። የመጽሐፉ ርዕስ የሆነው ግጥም በ2019 ሪዮ ግራንዴን ሲሻገሩ ስለሰጠሙት የኤል ሳልቫዶር አባትና ትንሽ ልጁ ነው። ገጣሚው ያኔ ስልሳን አልፏል። ስለዚህ ሽልማትን በዕቅድሽ ውስጥ አታስገቢ። ቢመጣ እሰየው!

ሌላም ነገር አለ። ናይኪ ለማስታወቂያ ግጥም ጻፍልን ሲለው እምቢ ብሎ ምክንያቱን በአደባባይ ጻፈ። በ1997 ናሽናል ፐብሊክ ሬዲዮ ግጥም አዘዘው፤ ሞት ተፈርዶበት ስለነበረው ጋዜጠኛ ስለ ሙሚያ አቡ ጀማል ሲጽፍ ጊዜ ሬዲዮው አላስተላልፍም አለ። ኤስፓዳም ዝም አላለም፣ ነገሩን አደባባይ አወጣው። ወኔ ነው፣ አዎ። እኔ ግን የወር ደሞዝም ነው ባይ ነኝ። የቤት ኪራዩን ከግጥሙ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ በቀላሉ እምቢ አይልም። አባትሽ በዚህ በኩል ልክ ናቸው።

ይህን ስልሽ ግን ነገ ሕግ ትምህርት ቤት አመልክቺ ማለቴ አይደለም። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት ነው፣ ዕዳውም ቀልድ አይደለም። ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ወይም ለመንግሥት ለሚሠራ፣ ከ120 ወርሃዊ ክፍያ በኋላ ቀሪውን የፌዴራል የትምህርት ብድር ዕዳ የሚሰርዝ ፕሮግራም አለ። ደንቡ ስለሚቀያየር ግን ከመበደርሽ በፊት አጣሪ። በፈጠራ ጽሑፍ ማስተርስ ካማረሽም፣ ክፍያ የማይጠይቁና ለኑሮ የሚደጉሙ ፕሮግራሞች ላይ ብቻ አመልክቺ። ለግጥም ዲግሪ ብድር ውስጥ አትግቢ።

መጀመሪያ ሥራውን ቅመሺው። አንቺ አማርኛና እንግሊዝኛ አለሽ፣ ያለሽውም ዋሽንግተን አጠገብ ነው። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የመንግሥት ቢሮዎቿ ለአማርኛ ተናጋሪም አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ሁለት ቋንቋ መናገር ብቻውን አስተርጓሚ አያደርግም፤ 40 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥልጠና ውሰጂ። ከዚያ ለተከራዮች ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጡ ቢሮዎች ጋ ደውዪና በበጎ ፈቃድም ሆነ በሰዓት ክፍያ አማርኛ የሚችል ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂ። አንድ ክረምት እዚያ ብትሠሪ ጠበቃ መሆን መፈለግሽን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ካልወደድሽው ሦስት ዓመትና ዕዳ ተረፈሽ።

ታዲያ አደራ! እዚያ የምትሰሚው የሰው ምስጢር ነው። የደንበኛ ስም፣ አድራሻ፣ የክሱ ዝርዝር ግጥም ውስጥ አይገባም፤ ስሙን ብትቀይሪውም ሰፈሩ ሊያውቀው ይችላል። ስለ ራስሽ ቤትና ስለ ራስሽ ሥራ ጻፊ፣ የሌላው ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅጂ። የአባትሽን ታክሲም ቢሆን።