«ድራማቱርግ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ስለ ጃፓን ቴአትር የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። ከደራሲውና ከአዘጋጁ ሌላ «ድራማቱርግ» የሚሉት ባለሙያ አለ። «ጸሐፌ ተውኔት» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። ጸሐፌ ተውኔት ድርሰቱን የጻፈው ሰው ነው። ድራማቱርግ አንዲት መስመር እንኳ ላይጽፍ ይችላል። ድርሰቱን አብጠርጥሮ ያነባል፤ የዘመኑን ታሪክ ይቆፍራል፤ ልምምድ ላይ ተቀምጦ «ይቺ ሴትዮ አሁን ለምን ወጣች?» እያለ አዘጋጁን ይሞግታል። መሳሳትዎ ግን አይገርምም። በፈረንሳይኛ ይኸው ቃል ጸሐፌ ተውኔት ማለት ነው። የሙያ ስም ያደረጉት ጀርመኖች ናቸው፤ ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ሌሲንግ በ1767 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ቴአትር ቤት ሲቀጠር።

ጃፓኖችም ቃሉን እንዳለ ነው የወሰዱት። ያውም ሁለት ጊዜ! ከጀርመንኛ የቀዱት «ዶራማቱሩኩ» ይላሉ፤ ከእንግሊዝኛ የቀዱት ደግሞ «ዶራማታጉ»። ሁለቱን ቢያገኙ ሁለት ሙያ እንዳይመስልዎት። እዚያ በብዙ ዘመናዊ ቡድኖች ጽፎ የሚያዘጋጀው አንድ ሰው ነው፤ ቡድኑንም የሚመራው እሱው። ከጎኑ ተቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ስሙም እንደ እንግዳ ቀረ።

ካቡኪ ላይ፣ ማለትም ጥንታዊው የጃፓን ቴአትር ላይ ሲደርሱ ይጠንቀቁ። «ታቴ ሳኩሻ» የደራሲዎቹ አለቃ ነው፤ ሞኩአሚ (1816–1893 እ.ኤ.አ.) እንደዚያ ነበር። «ኪዮገንካታ» ደግሞ የተዋንያኑን ቃል ይገለብጣል፤ ቃል ለጠፋበት ከኋላ ያቀብላል፤ መጋረጃ ሲከፈት ሁለት እንጨት ያጋጫል። ሁለቱንም ድራማቱርግ አይበሏቸው። በጃፓንኛ ስማቸው ጽፈው በአጭሩ ያብራሩ።

ታዲያ ምን ይሻላል? «ሊቀ ተውኔት» ያሉኝ አሉ። ለጆሮ ያምራል፤ ግን ሰውዬውን ካባ አልብሶ መቅደስ ያስገባዋል። «የተውኔት አማካሪ» ይቀርባል። ችግሩ፣ በእኛ መሥሪያ ቤት «አማካሪ» ተደርጎ የተመደበ ሰው ብዙ ጊዜ ወንበር እንጂ ሥራ የለውም። ድራማቱርግ ግን ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «ድራማቱርግ፣ ማለትም የተውኔት አማካሪ» ይበሉ። ከዚያ በኋላ «ድራማቱርግ» ብቻ ይበቃል። «ድራማተርግ»ም ስህተት አይደለም፤ እኔ ግን ሙያው ከመጣበት ከጀርመንኛው ጋር ስለሚሄድ «ቱ»ን እመርጣለሁ። ሲበዙ «ድራማቱርጎች» ናቸው።