የሥጋ ዶሮዎች ሲያስነጥሱ ከመድኃኒቱ በፊት ቤቱን ይመርምሩ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ዳር 300 የሥጋ ዶሮዎች አረባለሁ። አራተኛ ሳምንታቸው ነው። ሌሊት ያስነጥሳሉ፣ ያንኮራፋሉ፤ በየቀኑ ሦስት አራት ይሞታሉ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ በውኃ ብሰጣቸውም ለውጥ የለም። ምን ልጨምርላቸው?

መልስ፦ እባክዎ ለጊዜው ምንም አይጨምሩ። ማስነጠስ የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። የሰጡት መድኃኒት ቫይረስ አይገድልም፤ የታፈነ ቤትም አያናፍስም።

ጠዋት መስኮት ሳይከፈት ይግቡና ዶሮዎቹ በሚተነፍሱበት ከፍታ ቁጢጥ ይበሉ። ቆሞ ማሽተት ያታልላል። ዓይንዎን ካቃጠለዎት አሞኒያው ከልክ አልፏል። ከ25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 25 እጅ) በላይ ሲሆን የአየር ቧንቧቸውን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያሽመደምዳል፤ ያኔ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ያለ ከልካይ ይገባል። ከመጠጫው ሥር አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ጨብጠው ይልቀቁ፤ ካልተበተነ እርጥብ ነው፤ ይቀይሩት። የሻገተ ጭድ ካዩ ጨርሰው ያውጡት።

የጎጃም ደጋ ብርድ አርቢውን ቤቱን በላስቲክ እንዲጠቀጥቅና ውስጡ ከሰል እንዲያነድ ያስገድደዋል። ችግሩ ይገባኛል፤ ግን ከጣሪያው ሥር ያለው መተንፈሻ በፍጹም አይዘጋ። የፈካ ከሰልም ቢሆን በታፈነ ቤት ይገድላል።

ሰሞኑን የላሶታ (የፈንግል መከላከያ) ክትባት ሰጥተው ከሆነ ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ማስነጠስ የሚጠበቅ ነው። ሞት ግን አይጠበቅም።

ቀጥሎ ገና አሁን የሞተ ዶሮ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው፣ ይክፈቱ። ከሳንባው ጋር የተያያዘው የአየር ከረጢት ጤነኛ ሲሆን ስስና ጥርት ያለ ነው። ደፍርሶ አይብ የመሰለ ቢጫ ነገር ከያዘ ማይኮፕላዝማ (የመተንፈሻ አካል የሚያጠቃ ባክቴሪያ) እና ኢ ኮላይ ይጠረጠራሉ። ሳንባው ላይ ቢጫማ ፍሬዎች ካሉ የሻጋታ በሽታ ይጠረጠራል። ሆዱ በውኃ ተሞልቶ ልቡ ካበጠ ግን ተላላፊ በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፈጥኖ የሚያድግ የሥጋ ዶሮ ደግሞ በሳሳ አየርና በብርድ ልቡ ይደክማል። ለዚህ አንቲባዮቲክ አይሠራም፤ በሚቀጥለው ዙር ሙቀታቸውን ጠብቀው በሁለተኛና በሦስተኛው ሳምንት መኖውን መጠነኛ ያድርጉት።

አረንጓዴ ተቅማጥና የአንገት መጠምዘዝ ካዩ ፈንግል የተባለውን የቫይረስ በሽታ ይጠርጥሩ። በአንድ ጊዜ በብዛት ከረገፉ ምንም ሳይከፍቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ።

ምክንያቱ ካልለየ ወደ ባሕር ዳር የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የሚወሰደው የሸተተ ሬሳ ሳይሆን ገና መታመም የጀመሩና መድኃኒት ያልቀመሱ ሦስት አራት ዶሮዎች ናቸው። ሁሉም መድኃኒቱን ከጠጡ ይህንኑ ለባለሙያው ይንገሩ። የጠጡትንም በማሸጊያው ላይ የተጻፈው፣ መድኃኒቱ ከሥጋቸው እስኪወጣ የሚጠበቀው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ ለዕርድ አይሽጡ።