ሳይንስና ሥነ ጥበብን በዲጂታል መሣሪያ አብሮ ማስተማር፦ ጥያቄና መልስ

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከሙዚቃና ከሥዕል መምህራን ጋር ተጣምሬ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ የትኛውን አፕ አውርጄ ልጀምር?

መልስ፦ አፑ ይቆይ። መጀመሪያ የሁለታችሁንም ትምህርት የሚነካ ጥያቄ ያግኙ። የእኔ ተወዳጅ «ጊታር ላይ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች) ለምን እየተቀራረቡ ይሄዳሉ?» የሚለው ነው። አምስተኛው ክር በትክክል ከተቃኘ በሰከንድ 110 ጊዜ ይነዝራል። መሃሉ ላይ ሲጫኑት 220 ይሆናል፤ ሙዚቀኛው ኦክታቭ ይለዋል። ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሲነዝር ደግሞ 165። አሁን ስልኩን ያውጡ። ፋይፎክስ የተባለው ነፃ አፕ ድግግሞሹን ይለካል። ለዚህ ርዝመት በጣም የሚቀርበው ሰባተኛው ፍሬት ነው፤ እሱ ላይ ግን በስሌት የሚወጣው 165 ሳይሆን 164.8 ገደማ ነው። ልጆቹ «ስልኩ ተበላሽቷል» ይሏችኋል። አልተበላሸም። ኦክታቩ በሬሾ እኩል ለሆኑ 12 ደረጃዎች ስለተከፈለ ነው። ከዚህ በኋላ የሒሳብ መምህሩም ሳይጠራ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ለ50 ተማሪ አንድ ስልክ ነው ያለን። ኢንተርኔትም የለም።

መልስ፦ ይበቃል። ፋይፎክስ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስክራች የተባለው የልጆች ፕሮግራም መሥሪያም ኮምፒውተር ካላችሁ እሱ ላይ ተጭኖ እንዲሁ። አንዱ ይጫወት፣ አንዱ ይለካ፣ ሌሎቹ ከመለካቱ በፊት ግምታቸውን ይጻፉ።

ጥያቄ፦ የሥዕል መምህር ነኝ። «እንተባበር» ሲሉኝ ፖስተር አሳምሪልን ማለታቸው ነው።

መልስ፦ እውነትሽን ነው። እኔም አንድ ባልደረባዬን እንዲሁ በድዬ አውቃለሁ፤ ክፍለ ጊዜውን ወስጄ ልጆቹን አቶም ቀለም ሳስቀባ ዋልኩ። አኒሜሽን ሞክሩ። ከወረቀት የተቆረጠች ኳስ በጥቂት በጥቂቱ እያወረዳችሁ ፎቶ አንሡ፣ በሰከንድ 12 ፎቶ አጫውቱት። ልጆቹ መጀመሪያ እኩል እኩል ያወርዷታል፤ ያኔ ኳሷ በገመድ የምትወርድ ትመስላለች። ከመነሻዋ ያለው ርቀት 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያለ ሲያድግ ግን ክብደት ታገኛለች። መሬት ስትነካ ጠፍጠፍ ትበል ወይስ እንደ ድንጋይ ትቅር? እሱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ፊዚክስ እዚህ ጋ አፉን ይዝጋ።

ጥያቄ፦ ውጤት እንዴት ይሰጣል?

መልስ፦ ለቪዲዮው ማማር ሳይሆን ለሙከራ ማስታወሻው። ያልሠራውን ሙከራም አብረው ያስረክቡ።

ጥያቄ፦ ሥዕሉን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢሠራውስ?

መልስ፦ ይሥራው፣ ከዚያ ልጆቹ ይመርምሩት። አንዲት ፀሐይ ብቻ ያለችበትን ሥዕል አትሙና ጥላዎቹን በማስመሪያ ይከታተሉ። አንዱ ጥላ ወደማይሆን አቅጣጫ ከዞረ ክፍሉ ይንጫጫል። የእኔ ክፍል ደወል ተደውሎም አልወጣም ብሎ ነበር።