ሰርቨር ክፍሉ ተቆልፎብኛል፤ ቨርችዋላይዜሽን የት ልማር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአይቲ ከተመረቅኩ 2 ዓመት ሆነኝ። ድሬዳዋ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቲ ሰፖርት ነኝ። ውሎዬ ፕሪንተር ማስተካከልና ቫይረስ ማጽዳት ነው። ሲስተም አድሚን መሆን እፈልጋለሁ፤ የሥራ ማስታወቂያው ግን ሁሉም "የቨርችዋላይዜሽን ልምድ" ይላል። የኛ ሰርቨር ክፍል ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው፤ አያስገባኝም። ያለኝ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ነው። ያጠራቀምኩትን ብር ይዤ አዲስ አበባ የቪኤምዌር ኮርስ ልውሰድ? ደግሞ "ክላውድ ሲመጣ ይሄ ሥራ ይጠፋል" ይሉኛል። የገንደ ቆሬዋ ነኝ።

መልስ፦ የገንደ ቆሬዋ እህቴ፣ ብሩን ለጊዜው አትንኪው። አዲስ አበባም ይቆይ። ምክንያቴን ከመንገሬ በፊት ግን ነገሩን በሰፈራችን ቋንቋ እናውራው።

አንድ ግቢ አስቢ። አከራይዋ አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፣ ተከራዩ አራት። ሁሉም የየራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ አንዱ የሌላውን ድስት አያይም። ግቢው ሰርቨሩ ነው። ተከራዮቹ ቨርችዋል ማሽኖቹ ናቸው። ቦታና መብራት የምታከፋፍለዋ አከራይ ደግሞ ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር ነው። አንዱን ማሽን እንዲህ ከፋፍሎ ማከራየት ነው እንግዲህ ቨርችዋላይዜሽን ማለት። አራቱም ተከራዮች በአንድ ጠዋት የእንጀራ ምጣድ ቢሰኩ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ጠብ ይነሳል። 16 ጊጋ ራም ያለውን ሰርቨር በወረቀት 24 ጊጋ አድርጎ አከፋፍሎ "እስካሁን ምንም አልሆነም" የሚል አድሚን አይቻለሁ። ምንም ያልሆነው ሁሉም በአንዴ ስላልጋገሩ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ ሠርቶበታል። ወደ ተራ ኮምፒውተር ያወረደው እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር የሚባለው ኩባንያ ነው። ለዚህ ነው ቨርችዋላይዜሽን ሲባል ሰው ሁሉ ቀድሞ ስሙን የሚጠራው።

ታዲያ ኮርሱን ለምን አትውሰጂ አልኩሽ? እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ብሮድኮም ቪኤምዌርን ገዛው። ወዲያው አንዴ ተገዝቶ ለዘለዓለም የሚሠራውን ላይሰንስ መሸጥ አቆመና በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ አደረገው። በዶላር የሚታደስ ነገር ለኛ አገር የፋይናንስ ክፍል ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ዓይኑን ፕሮክስሞክስ ወደሚባል ሌላ አከራይ፣ ማለትም ሃይፐርቫይዘር፣ አዙሯል። ፕሮክስሞክስ በነፃ ይወርዳል። ሞተሩ ኬቪኤም ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አካል ነው። የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪም አለ። የምትቀጠሪበት ቤት የትኛውን እንደሚጠቀም ዛሬ አታውቂም። ደግነቱ አንዱን አበጥሮ ያወቀ ሌላውን በሳምንታት ይለምደዋል፤ የሚቀረው ማዘዣው የት እንዳለ መፈለግ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ላፕቶፕሽ። መጀመሪያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተሽ ቨርችዋላይዜሽን የሚለውን አብሪ። ብዙ ጀማሪ እዚች ላይ ሁለት ቀን ይለፋል። ከዚያ ላፕቶፕ ላይ ቨርችዋል ማሽን የሚፈጥረውን ቨርችዋልቦክስ ጫኚና ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ያለባቸው፣ የዴስክቶፕ ገጽ የሌላቸው ሁለት ቨርችዋል ማሽኖች ፍጠሪ፤ ለእያንዳንዳቸው 1 ጊጋ ራም ይበቃል። አንዱ ዳታቤዝ ይሁን፣ ሌላው ዌብ ሰርቨር። አገናኚያቸው። ኔትወርኩ እምቢ ይልሻል። ተናደጂ፣ ሻይ ጠጪ፣ ተመለሽ።

ቀጥሎ ካጠራቀምሽው ላይ ጥቂት ቀንሰሽ ያገለገለ ዴስክቶፕ ግዢ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ዞር ዞር ብትዪ አታጪም። 16 ጊጋ ራም ይኑረው፣ ሁለት ዲስክ ይያዝ፣ አንዱ ኤስኤስዲ ይሁን። ከመክፈልሽ በፊት አስከፍተሽ ባዮሱ ውስጥ ቨርችዋላይዜሽን መኖሩን እዪ። ሻጩ ቢገላምጥሽም ግድ የለም። ፕሮክስሞክስን የምትጭኚው እሱ ላይ ነው።

እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። አድሚን በነበርኩበት ጊዜ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ግንቦት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የድሬ ፀሐይ አናት ላይ። መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ሰርቨሩም ቀጠለ፤ እኔም ኮራሁ። ለካ ኤሲው ከጀነሬተሩ ጋር አልተያያዘም! ክፍሉ ዳቦ ቤት ሆነ፤ ሰርቨሩ ሙቀቱን አልቻለምና ራሱን አጠፋ። ማታ ሲቀዘቅዝ አስነሳሁት። አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ ቀድሞ ተነሳና የሚያናግረው አጥቶ ስህተት ይተፋ ጀመር። ላስተካክል ወደ ሆስቱ (ማሽኖቹን ሁሉ ወደያዘው ዋና ሰርቨር) ልግባ ስል ፓስወርዱ ጠፋኝ። ጽፌዋለሁ፤ የጻፍኩት ግን ፋይል ሰርቨሩ ላይ ነው። ፋይል ሰርቨሩ ደግሞ እዚያው ሆስት ውስጥ ያለ፣ ገና ያልተነሳ ቨርችዋል ማሽን ነው። ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፌበታለሁ ማለት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት እዚያው ነበርኩ።

ቀጣሪ የሚፈልገው እንደዚያች ማታ ያለውን ችግር የሚወጣ ሰው ነው። ቨርችዋል ማሽን መፍጠርማ አምስት ደቂቃ ነው፤ ማንም ይፈጥራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማን ያስነሳዋል?

ስለዚህ ቤትሽ ያለውን ዴስክቶፕ አበላሺው። ማሽኖቹ በራሳቸው እንዲነሱ አድርጊ፤ ቅደም ተከተልም ስጫቸው፤ ዳታቤዙ ቀድሞ፣ አፕሊኬሽኑ ከሁለት ደቂቃ በኋላ። ከዚያ ሶኬቱን ንቀይ። መልሰሽ ሰኪና ምንም ሳትነኪ ምን እንደሚነሳ እዪ። ባክአፕ ወደ ሁለተኛው ዲስክ ውሰጂ፤ አንዱን ቨርችዋል ማሽን በእጅሽ ደምስሺና ከባክአፑ መልሺው። ሰዓት ያዢ። ደብተር ላይ ጻፊ። ሦስት አራቴ ከደጋገምሽው እጅሽ መንቀጥቀጡን ይተዋል።

ሰው ልቀጥር ለቃለ መጠይቅ ስቀመጥ እኔ የማልተዋት ጥያቄ አለችኝ፤ ስለ ስናፕሾት፣ ማለትም ማሽኑን ወደነበረበት ለመመለስ የሁኔታውን ምልክት ስለመያዝ፦ "ስናፕሾት ባክአፕ ነው?" ግማሹ ሰው "አዎ" ይላል። አይደለም። በብዙዎቹ አሠራር ስናፕሾት ስታነሺ ዋናው የዲስክ ፋይል ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለውጥ ሌላ ፋይል ላይ ይጻፋል። ዋናው ከሞተ ያ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሁለቱም ያሉት አንድ ዲስክ ላይ ከሆነ ደግሞ አብረው ይቀበራሉ። ባሰ ደግሞ የተረሳ ስናፕሾት እያበጠ ሄዶ ዲስኩን ሞልቶ ሰርቨሩን ያቆመዋል። ከማሻሻያ በፊት አንሺ፣ ሥራው ከሰመረ በማግስቱ አጥፊ።

ሲቪሽ ላይ "የቨርችዋላይዜሽን ዕውቀት አለኝ" ብለሽ አትጻፊ። እንዲህ በይ፦ "በፕሮክስሞክስ 4 ቨርችዋል ማሽን አስተዳድራለሁ፤ ባክአፕ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ ይሄዳል፤ የጠፋ ማሽን ይህን ያህል ደቂቃ ውስጥ እመልሳለሁ።" ደቂቃውን ከደብተርሽ ላይ ሙዪ። አትጨምሪበት፤ ጠያቂው ያውቃል።

የክላውዱ ነገር አያስጨንቅሽ። ክላውድ ላይ የምትከራዪው ራሱ ቨርችዋል ማሽን ነው፤ ጎግል ክላውድ እንኳ ኬቪኤም ላይ ነው የሚሠራው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሥራው መቆም የሌለበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰርቨሩን እዚሁ ድሬ ያስቀምጣል።

ቁልፉን ስለያዘው ሰውዬ ልጨርስ። አትቀየሚው። በሩን የሚቆልፍ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱም ፈርቶ ነው፤ እኔም ቆልፌ አውቃለሁ። "ልግባ" አትበዪው። ከሰዓት፣ በበርጫ ሰዓት፣ ጭራሽ አትሞክሪው። ጠዋት ሻይ ጋብዢውና "ባክአፑ ተመልሶ የተሞከረው መቼ ነው? ከፈለግክ እኔ ሌላ ማሽን ላይ ልሞክርልህ" በዪው። ዝም ካለሽ መልሱን ሰጥቶሻል። ደብተርሽን አሳዪው። ደግሞ እሱም የዓመት ፈቃድ መውጣት ይፈልጋል፤ ተተኪ ስለሌለው ግን ሐረር ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ እንኳ ስልኩ ሲጮህ ይውላል። ይህቺን ሳትረሺ ንገሪው።