መምህር፣ የፊልም ገጸ ባሕርይን አርአያ ማድረግ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የምነዳ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግልፍተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የውጭ ተከታታይ ፊልም ማየት ጀመርኩ። እዚያ ላይ ከሌላ ፈለክ የመጣ ገጸ ባሕርይ አለ፤ አይቆጣም፣ አይፈራም፣ አይቀናም፣ ሁሉን ነገር በአእምሮው መዝኖ ነው የሚያደርገው። እንደ እሱ ብሆን ብዬ ተመኘሁ። ስናደድ ስሙን በልቤ እየጠራሁ «እሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» እላለሁ፤ አንዳንዴም ይበርድልኛል። ፎቶውን ስልኬ ላይ አድርጌዋለሁ። አክስቴ አይታ «ይሄ እኮ ጣዖት ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ሰሞኑን ደግሞ ፍልሰታን እየጾምኩ ከተራ አስከባሪ ጋር ተጣላሁና እጄን አነሣሁበት። ያን ሰዓት ገጸ ባሕርዩም ትዝ አላለኝም። በእውን የሌለን ሰው ማድነቅ ኃጢአት ነው? ወይስ አጠቃቀሙን ያላወቅኩት እኔ ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአክስትህን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። ጣዖት የሚባለው የሚሰግዱለት፣ የሚለምኑት፣ በአምላክ ቦታ የሚያቆሙት ነገር ነው። አንተ ለዚህ ገጸ ባሕርይ አልሰገድክለትም፣ ዕጣንም አላጠንክለትም። ስለዚህ ጣዖት አምላኪ ነህ አልልህም። አክስትህን ግን አትናቃቸው። በዓይናቸው ያዩት አንድ ነገር አለ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በልብ የተፈጠረ ሰው ለትምህርት መዋሉን ቤተ ክርስቲያን አትጠላም። እንዴት ትጠላለች? ጌታችን ራሱ ካስተማረባቸው መንገዶች አንዱ ምሳሌ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው በሞትና በሕይወት መካከል ጥለውት የሄዱት ሰው ስም የለውም። ያነሣው ሳምራዊም ስም የለውም። ጌታ ግን ታሪኩን ነግሮ ሲያበቃ ሕግ አዋቂውን «ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ» አለው። በምሳሌ የተነገረን ሰው አርአያ አድርግ ማለት ነው። የቂሣርያው ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዘመን ለወጣቶች በጻፈው ምክር የአረማውያንን ቅኔና ታሪክ እንደ ንብ ሁናችሁ አንብቡ ብሏል። ንብ አበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ይዛ ሌላውን ትታ ትሄዳለች። እኔም ወጣት ሳለሁ ልብ ወለድ በሬዲዮ ሲተረክ እራቴን ትቼ የምሰማ ሰው ነበርኩ፤ ስለዚህ ከላይ ሆኜ የምፈርድብህ አይምሰልህ።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ለእኔ የታየኝ ገጸ ባሕርዩ «የሌለ» መሆኑ ላይ አይደለም። የማይወድቅ መሆኑ ላይ ነው።

ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት የሄደበትን ቀን አስብ። ንጉሡ የኦርዮን ሚስት ወስዷል፣ ኦርዮንንም አስገድሏል። ናታን ፊት ለፊት አልወቀሰውም፤ ታሪክ ነገረው። ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ እንግዳ መጣበት፤ ከራሱ መንጋ ማረድ ሳስቶ፣ አንዲት ጠቦት ብቻ ያለችውን፣ ያቺንም ከልጆቹ ጋር እንጀራ እያጎረሰ ያሳደጋትን ድሃ በግ ወስዶ አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ ነደደ፤ ይህን ያደረገው ሰው ሞት ይገባዋል አለ። ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ታሪኩ የሠራው እዚህ ላይ ነው። ዳዊት ራሱን ከዳኛው ወንበር ላይ አስቀምጦ ሲሰማ ቆይቶ፣ ድንገት በተከሳሹ ቦታ ራሱን አገኘው። እስቲ ልጠይቅህ፤ ያንን ፊልም ስታይ አንድም ቀን «ያ ሰው እኔ ነኝ» ብለህ ደንግጠህ ታውቃለህ? በቁጣው ነገር የሚያበላሸውን፣ ያ አዋቂ የሚያርመውን ሌላውን ሰው አይተህ? ወይስ ሁልጊዜ ከአሸናፊው ጎን ነህ? ከአሸናፊው ጎን ተቀምጦ ማየት ደስ ይላል። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ባጃጁን የሚያስነሣው ያው የድሮው አንተ ነህ።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ አባቶቻችን ሲተረጉሙት ይህንኑ ነገር ታያለህ። የቆሰለው አዳም ነው፤ ሳምራዊው ክርስቶስ ነው፤ የእንግዶች ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው ይላሉ። እኛን የት አስቀመጡን? መንገድ ላይ፣ ከቆሰለው ጋር። «እንዲሁ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ እንዳለ ነው፤ ግን ትእዛዙን የሚፈጽመው አስቀድሞ እሱ ራሱ የተነሣ፣ ዘይትና ወይን የፈሰሰለት ሰው ነው። ያንተ ገጸ ባሕርይ ቆስሎ አያውቅም። ቢቆስልም ደራሲው በሚቀጥለው ክፍል ይጠግነዋል። ደራሲ አንዱን መልስ አሥር ጊዜ ሰርዞ፣ ቡና ጠጥቶ ተመልሶ ይጽፈዋል። ተሳፋሪ «መልሴን አልሰጠኸኝም» ብሎ ሲጮህብህ፣ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋብህ፣ ተራ አስከባሪው ባጃጅህን በእጁ ሲመታ አንተ ያለህ ጊዜ ስንት ነው?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይኼኛው ከበድ ይላል። የዚያን ሰው ስሜት አልባነት እንደ ፍጹምነት ቆጥረኸዋል። በእኛ ትምህርት ግን ስሜት ራሱ ጉድለት አይደለም። መራብ፣ መጠማት፣ መድከም፣ ማዘን የሰውነት ባሕርይ ናቸው። ጌታችን ከኃጢአት በቀር የእኛን ሁሉ ገንዘብ አድርጓል፤ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች» ብሏል። እጁ የሰለለችውን ሰው በሰንበት ሊፈውስ ሲል የከበቡትን ሰዎች በቁጣ እንዳያቸው ማርቆስ በምዕራፍ 3 ጽፏል። በቁጣ አየ፤ ያዘነው ግን ስለ ልባቸው ድንዛዜ ነው፤ ያን ጊዜ እጁ የተዘረጋው ደግሞ ሊፈውስ እንጂ ሊመታ አይደለም። ሐዋርያውም «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ሲል ቁጣህን ከሥሩ ነቅለህ ጣል አላለም። ምንም የማይሰማው ሰው ትዕግሥተኛ አይባልም፤ የሚታገሠው ነገር የለውማ! ድንጋይም አይቆጣም። ስለዚህ እንደ ድንጋይ ለመሆን ሞክረህ ባይሆንልህ አትደነቅ፤ እግዚአብሔር እንደዚያ አድርጎ አልፈጠረህም።

አርአያ ከፈለግህ የወደቀ ፈልግ። ሰው መሆኑ እንኳ ግድ አይደለም። ጠቢቡ ታካቹን «ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ» ብሎታል። ቅዱስ ያሬድ በአክሱም አጎቱ አባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎት ተመትቶ፣ ተስፋ ቆርጦ ሸሽቶ ነበር። ማይ ኪራሕ በተባለ ቦታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ ትል ግንዱን ስትወጣ አየ። ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ወጥታ ፍሬውን በላች። ያሬድ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ዛሬ በሐዋሳ ገብርኤል ማኅሌት ላይ የምትሰማው ዜማ የመጣው ያን ቀን ከተመለሰው ልጅ ነው። ልብ በልልኝ፤ ትሏ በመጀመሪያው ሙከራዋ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ያሬድ ምን ይማርባት ነበር? አድንቋት እዚያው ይቀር ነበር።

ለአንተ ግን በተለይ የማዝልህ ሙሴ ጸሊምን ነው። በዓሉ ሰኔ 24 ይውላል። ከመመንኮሱ በፊት የወንበዴዎች አለቃ፣ ጉልበተኛ፣ ደም ያፈሰሰ ሰው ነበር። ገዳም በገባ ማግስት መልአክ የሆነ እንዳይመስልህ። የዝሙት ፆር (ፈተና) እጅግ በርትቶበት፣ በበአቱ (በመኖሪያ ክፍሉ) መቀመጥ አቅቶት ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። ተመለስ ቢለው «አልችልም» አለ። አባ ኤስድሮስ ሰገነት ላይ አወጣውና ወደ ምዕራብ ተመልከት አለው፤ ለጦርነት የሚታወኩ አጋንንት አየ። ወደ ምሥራቅ ተመልከት አለው፤ ቁጥር የሌላቸው መላእክት አየ። ከእኛ ጋር ያሉት ይበልጣሉ ብሎ አጽናንቶ ላከው። ከዓመታት በኋላ በደለኛ ወንድም ላይ እንዲፈርድ ሲጠሩት፣ የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው በሌላው ልፈርድ መጣሁ አለ። ያ ጉልበተኛ እዚህ ለመድረስ ስንት ሌሊት እንደፈጀበት አስበው። ደግሞም ሙሴ በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያው ነውና ስትጠራው ይሰማሃል፣ ይለምንልሃል። የፊልሙን ሰው ስም ስትጠራ ግን የሚሰማህ የለም።

የአክስትህ ነገር እዚህ ጋ ነው። ማድነቅህ አላስቸገረኝም፤ በጭንቅ ሰዓት የምትጠራው ስም መሆኑ ግን አሳስቦኛል። ደምህ ሲፈላ ከንፈርህ ላይ የሚመጣው «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይሁን። በጸሎት ሰዓት ስንደጋግመው ምላስ እንዲለምደው ነው፤ የለመደ ምላስ ልብ በተናወጠ ጊዜ እንኳ ይናገረዋል። ያን ቀን ገጸ ባሕርይህ ትዝ ያላለህ አስበህ የምታመጣው ስለሆነ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

የስልክህን ፎቶ አንሣ ብዬ አላዝዝህም። አንዳንድ ባጃጅ መስታወት ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕልና የእግር ኳስ ተጫዋች ጎን ለጎን ተለጥፈው አያለሁ፤ ከሹፌሩ ጋር ስለዚህ ተጨቃጭቄ ከባጃጁ ወርጄ አላውቅም። ፊልሙንም ከወደድከው ተመልከተው። ከዚህ በኋላ ግን የሚሳሳተውን ሰው ተከታተል፤ የት ጋ እንደሚሰናከል፣ ምን ብሎ ራሱን እንደሚያጸድቅ። ያየኸውን ይዘህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። እጅህን ማንሣትህን ለእኔ እንደጻፍከው ለእሳቸውም ሳትቀንስ ንገራቸው፤ ቀኖናውን የሚሰጡህ እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ከጥያቄህ ውስጥ የጎደለ ነገር ግን አለ። ስለ ገጸ ባሕርዩ ብዙ ነገርከኝ፤ ስለ ተራ አስከባሪው ከመጣላታችሁ በቀር ምንም አላልክም። ታርቃችኋል? ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ነገ ጠዋት ወረፋ ከመያዝህ በፊት ሄደህ ሰላም በለው። ላይመልስልህ ይችላል፤ እሱም ግልፍተኛ ሊሆን ይችላል። ከነገ ወዲያም ተመልሰህ ሂድ።